የሰው እናት ይዤ ወደ ሙክቲናት

ሙክቲናት ደርሼ ከተመለስኩ ወር ሆኖኛል። ኔፓል ውስጥ፣ ተራራ አናት ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ሂንዱውም ቡዲስቱም ይሳለመዋል። ቤተክርስቲያን ግቢ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል፣ እኔም «ደስ ይላል» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ብዙውን ቀን ተናድጄ ነው ያሳለፍኩት። ከእናንተ መሀል እዚያ የሚሄድ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ሶ ከነንዴቱ እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ራጁን ላስተዋውቃችሁ። የኔፓል ሰው ነው፤ አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሲያትል፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው የሚበሩ ሰዎችን ከነሻንጣቸው በሻትል ተርሚናል እናደርሳለን፣ ሲመለሱ እንቀበላለን። ምሳችንን እዚያው ሻትል ውስጥ እንበላለን። የኔን ሽሮ ሲያይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እኔም አጎርሰዋለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ አፍልታለች።

ባለፈው በጋ ራጁን ሻትሉ ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ አገኘሁት። እናቱ ሰማንያ አልፏቸዋል። ሐኪሙ ይሄ ብርድ ከገባ በኋላ ተራራ መውጣት አይታሰብም ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ በዚህ ዓለም የቀራቸው አንድ ምኞት ነው፤ ሙክቲናት ወጥተው በመቶ ስምንቱ ቧንቧ ውሃ ሥር ማለፍ፣ ያውም ወንድ ልጃቸው እጃቸውን ይዟቸው። የራጁ የአሜሪካ መኖሪያ ወረቀት ደግሞ አላለቀም። ከወጣ መመለሻ የለውም።

«ብራዘር፣ አንተ ፓስፖርት አለህ» አለኝ። «በእኔ ቦታ እጇን ያዝልኝ። ሺፍትህን በሙሉ እኔ እሠራልሃለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አብደሃል?» ይለው ነበር። እኔ ግን እናቴ ግሸን ማርያምን እንደተመኘች ነው የሞተችው። ደሴ ሆና «ከልጄ ጋር ነው የምሄደው» እያለች ዓመታት ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ እሺ። ወረቀቴ ካለቀ በኋላ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ «ለሚመጣው መስከረም» እያልኩ አሳለፍኩ። አረፈች። በቀብሯ ማግስት እህቴ ዘነበች በስልክ «አንተን ስትጠብቅ ነው የሞተች» አለችኝ። ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልተነጋገርንም፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።

ቅዳሜ ተነሳሁ። ባለቤቴ ጽጌ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታ፣ ከሰፈራችን ከቢከን ሂል እስከ ሲታክ ስትመክረኝ ሄደች። «ደግሞ እዚያ ሄደህ እንዳትጠመቅ! ስማኝ፣ አንድ ጠብታ እንዳይነካህ!» ራጁ በምነዳው ሻትል ተርሚናል አወረደኝ። አስራ አንድ ዓመት ሰው ሳወርድበት የኖርኩበት ቦታ ላይ እኔ ስወርድ ሻንጣዬን ማን እንደሚያወጣው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ራጁ አወጣው።

ሰኞ ካትማንዱ ገባሁ። አቧራው፣ ጥሩምባው፣ ከሞተር ሞተር የሚሹለከለከው ሰው መርካቶን ያስንቃል። የራጁ ታላቅ እህት ሳሪታ ልትቀበለኝ መጥታለች። አስተማሪ ናት፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ በብዙ ይሻላል። ፊቷን እንዳጠቆረች፣

«የተላከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ይመር እባላለሁ።»

«ወንድሜ ለእናቱ ሹፌር ላከላት» አለችና ሻንጣዬን ነጥቃኝ ወደ ታክሲው ሄደች።

ሹፌር መሆኔ እውነት ነው። አባባሏ ግን ደሜን አፈላው። ሃያ ምናምን ሰዓት በርሬ መጥቼ! ጥርሴን ነክሼ ተከተልኳት።

እቤት ስንደርስ እናትየው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እነሱ እናትን «አማ» ነው የሚሉት፤ እኔም አማ አልኳቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴትዮ ናቸው። ራሴን ዳበስ አድርገው መረቁኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ወደ መንገዱ አዩ። ራጁ እንደማይመጣ ተነግሯቸዋል። ግን አዩ።

አልጋ አነጠፉልኝ፣ በባልዲ ሙቅ ውሃ አመጡልኝ፣ ወተት የበዛበት ሻይ አቀረቡልኝ። እራት ሲደርስ ግን እነሱ ወጥ ቤት ገቡ፣ እኔ ሳሎን ለብቻዬ ቀረሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ቀርቦለት ሲበላ ቤተሰቡ ከቦ «ኧረ ብላ፣ አፈር ስሆን» ይለዋል እንጂ ለብቻው አይተውትም። እኔ የቆሸሽኩ ነኝ እንዴ ብዬ ተናደድኩ። አለመጠየቄ ነው ጥፋቱ። ብጠይቅ ኖሮ ከሐሙሱ ጣጣ እድን ነበር።

ማክሰኞ ፖካራ ወደምትባል ከተማ በረርን። ሐይቅ አላት፣ ባሕር ዳርን ታስታውሳለች፣ ፀጥ ያለች ነች። ከዚያ ወደ ተራራው የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ነበረች የምንጠብቀው። ረቡዕ ጠዋት ሄድን፣ ደመና ነው ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ሄድን፣ ንፋስ ነው ተባለ። አማ ሁለቱንም ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ታጥበው፣ ንጹሕ ሳሪ ለብሰው፣ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት። ሐሙስ ዕለት ቱግ አልኩና ትኬት የምታየዋ ልጅ ላይ ጮኽኩ። «እኚህ ሴትዮ ጊዜ የላቸውም! ይገባሻል?» ልጅቷ ቀና ብላ አይታኝ ሻይ ላምጣልህ አለችኝ። ሲታክ ላይ በረራ ሲሰረዝ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው፤ የአውሮፕላኑ ባለቤት እኔ የሆንኩ ይመስል። አፈርኩ፣ ሻዩን ግን ጠጣሁት።

ጂፕ ተከራየን። የዚያን መንገድ ነገር አታንሱብኝ። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ገደል ሊሆን የተዘጋጀ ተራራ። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይዘፍናል። በሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በአማርኛ «ኧረ በሕግ አምላክ፣ መንገዱን እይ!» ብዬ ጮኽኩ። ቋንቋው ባይገባውም ስልኩን አስቀመጠ። አማ ከኋላ ሆነው ሳቁ።

አመሻሽ ላይ ታቶፓኒ የምትባል መንደር አደርን። ፍል ውሃ አላት፣ እንደኛ ወንዶ ገነት። የማደሪያው ባለቤት በብረት ሳህን ሩዝ፣ ምስርና ጎመን አቀረበችልን። ምስሩ ቁርጥ የእኛ ምስር ነው፣ በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው። አማ መንገዱ አንገላቷቸው ምግቡን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሳሪታ ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንቢ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? እናቴ እንቢ ስትል የማደርገውን አደረግኳ! ከበላሁበት ሳህን ሩዙን በምስር ለወስኩ፣ ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩ፣ «በሞቴ! አማ፣ በሞቴ አንዲት ብቻ!» ብዬ አፋቸው ውስጥ ከተትኩት።

ሳሪታ ጮኸች። አማ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ አልዋጡትም፣ አልተፉትም። ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ውጭ ወጡ። ሲጉመጠመጡ ሰማኋቸው።

«ምን ማድረግህ ነው!» አለች ሳሪታ። «እናቴ ሰው የበላበትን ሳህን አትነካም! እንኳን ያንተን፣ የኔንም አትበላም! ከቤት ከወጣች ጀምሮ ንጹሕ ሆና ለመድረስ ስእለት ገብታለች!»

«ማክበሬ ነው እኮ! እኛ አገር የምንወደውን ነው የምናጎርሰው። ራጁ እንኳ ከእጄ አስራ አንድ ዓመት...»

«ራጁ ምን?»

አፌን ዘጋሁ። ወንድሟ አሜሪካ ገብቶ የሰው እጅ ይልሳል ብላ ለእናቷ ብትነግር ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አልነገረቻቸውም፣ እግዜር ይስጣት። የነገረችኝ ሌላ ነገር ነው። አማ ከእንግዲህ በተራራው ውሃ ሥር አልፈው እስኪነጹ ድረስ እህል አይቀምሱም። ውሃ ብቻ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ልባቸው የደከመ ሴትዮ፣ በእኔ ጉርሻ ምክንያት ባዶ ሆዳቸውን ያን ተራራ ሊወጡ ነው። በራሴ ተናደድኩ፣ በስእለቱም ተናደድኩ፣ ለራጁ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ።

አርብ ረፋድ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ደረስን። ናዳ ወርዷል። አንድ ዶዘር ቆሟል፣ ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ወርጄ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሰደብኩት። ሰውየው ብድግ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዳልኝ። ወተት አለበት፣ ቀኑ አርብ ነው፣ ጾም ነው። አልጠጣም ስለው በጣም ቅር አለው። ለካ ናዳው ከላይ መውረድ እስኪያቆም ነው የሚጠብቀው፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይቀበር ነበር። እንግዲህ የኔን ነገር እዩ፤ እኔ የሰው እጅ አልቀበልም፣ አማ የሰው እጅ ቢያረክሳቸው ግን ይገርመኛል።

አራት ሰዓት ጠበቅን። አማ ጂፑ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ሳሪታ ውጭ ቆማ ድንገት ተናገረች።

«በየዓመቱ ልውሰድሽ እላታለሁ። አስራ ሦስት ዓመት! ጉልበት በነበራት ጊዜ። 'ከልጄ ጋር ነው የምሄደው' ትለኛለች። ገላዋን የማጥባት፣ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ! እኔ ምንድን ነኝ? ልጅ አይደለሁም?»

«ወንድምሽ እኮ ወረቀት የለውም፣ ምን ያድርግ?» አልኳት በቁጣ።

«ያንተስ እናት?»

«ሞታለች።»

«ከማን ጋር ነበረች?»

«ከእህቴ ጋር።»

ሳሪታ አየችኝ። ፊቷን ከመንገዱ ሥር ወደሚወርደው ወንዝ አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከሙክቲናት ሥር ያለችው ራኒፓዋ መንደር ደረስን። አየሩ ሳስቷል፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ እንደ ሽማግሌ አቃሰትኩ። እኛ ሲያትል ሬይኒር ተራራን በመስኮት አይተን «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» እንላለን፤ እዚያ ተራራው አይወጣም አይገባም፣ አጠገብህ ቆሞ ያይሃል። ያሳደረችን ሴት ቡዲስት ናት፣ አማ ሂንዱ ናቸው። አንዱ ሌላውን ምን ነህ ሲል አልሰማሁም። ሴትየዋ የራሷን አልጋ ከምድጃው አጠገብ ለቀቀችላቸው፣ እግራቸውን በሰናፍጭ ዘይት አሸችላቸው። ለእኔ የራስ ምታቴን አይታ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ አመጣችልኝ። ቅቤ እንዳለበት በምልክት ጠየቅኳት፣ የለውም አለች፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ከመንደሩ እስከ በሩ አማን በፈረስ፣ ከበሩ ጀምሮ ያለውን ደረጃ በጀርባዬ። የጫጩት ያህል ነው የሚከብዱት። በየአስር ደረጃው እየቆምኩ፣ እያለከለክኩ፣ ጆሮዬ ሥር ጸሎታቸውን እየሰማሁ አደረስኳቸው። ቤተ መቅደሱ ትንሽ ነው፣ ሦስት ጣራ ደራርቧል። ከጀርባው ግድግዳው በግማሽ ክብ ዞሮ መቶ ስምንት የበሬ ራስ የሚመስሉ ቧንቧዎች ተደርድረውበታል። ከሁሉም ውሃ ይወርዳል። በረዶ ነው የሚመስለው። ወጣቶቹ እየጮኹ ሮጠው ያልፋሉ።

ራጁን ቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ሲታክ ገና የቀደመው ቀን አመሻሽ ነው። አነሳው፣ ፊቱ ስልኩ ላይ መጣ፣ አማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት ቀን አልበሉም፣ ግን ፊታቸው በራ። ራጁ ወደ ጎን አየና «ብራዘር፣ አንድ ደቂቃ፣ ሰው ጭኛለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

አማ የጨለመውን ስልክ ይዘው ቆሙ። «ይደውላል» አሉ። ሳሪታ ተረጎመችልኝ። «ይደውላል፣ እንጠብቀው።»

ያን ጊዜ ነው የነደድኩት። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። መጀመሪያ በራጁ ነበር። እንዴት እናትህን ለሰው ሻንጣ ብለህ ትዘጋባታለህ! ከዚያ ግን ቃሉን አወቅኩት። የኔ ቃል ነው። እናቴ ባረፈችበት ቀን ዘነበች ደውላ ነበር። «ይመር፣ እማዬ ልታናግርህ ትፈልጋለች» አለችኝ። «ሺፍት ላይ ነኝ፣ ሰው ጭኛለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኳት። ዘጋሁ። ስደውል አልፋለች። ይህን ለጽጌም አልነገርኳትም። ዘነበች በኋላ ያን ቃል ስትለኝ ስልኩን የዘጋሁባት እውነት ስለነበረ ነው።

ስልኩን ከአማ እጅ ወሰድኩና አጠፋሁት። ቅዱስ ቦታ መሆኑን ረስቼ በአማርኛ ጮኽኩ። «አይደውልም! እኔም አልደወልኩም! ልጅዎ ይቺት! አስራ ሦስት ዓመት አጠገብዎ የቆመችው ይቺ! ስለ እግዚአብሔር እጅዎን ይስጧት!» የሳሪታን እጅ ይዤ ወደ እናቷ ገፋሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እንባዬ ይወርዳል።

አማ አማርኛ አያውቁም። እኔን አዩኝ፣ ሳሪታን አዩ፣ ውሃውን አዩ። ከዚያ የሳሪታን ክንድ ያዙና አንድ ነገር ተናገሩ። ሳሪታ በለቅሶ መሀል ሳቀች።

«ምን አሉ?»

«'ቀስ አድርገሽ ያዢኝ፣ ሁልጊዜ ትጎትችኛለሽ' አለችኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ገቡ። አልሮጡም። ከአንዱ ቧንቧ ወደ አንዱ፣ ቀስ እያሉ፣ ሳሪታ በአንድ እጇ እናቷን አቅፋ በሌላው ውሃውን ፊታቸው ላይ እያፈሰሰች፣ እስከ መጨረሻው አለፉ። እኔ ደረቅ ልብስ ይዤ ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጽጌ ሆይ፣ የተረጨኝ እኔ ፈልጌው አይደለም። ሲወጡ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ ሳሪታ ግን እንደ ልጅ ትስቃለች።

አጠገቡ የቡዲስት መነኮሳት የሚጠብቁት ከውሃ ሥር የማይጠፋ ትንሽ ሰማያዊ እሳት አለ ይባላል። እዚያም ገብተው ተሳለሙ። እኔ በር ላይ ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ከዚያ አማ ተቀመጡና በሉ። ከቤተ መቅደሱ የተሰጣቸውን ኮኮናትና ስኳር ሳሪታ ሰጠቻቸው። ሁለት ጊዜ ቀመሱና በጣታቸው ጠሩኝ። አፌን እንድከፍት አሳዩኝ። ቁራሽ ኮኮናት አንስተው፣ ጣታቸው እንዳይነካኝ ከላይ፣ አፌ ውስጥ ጣል አደረጉልኝ። ሕጋቸውንም አልጣሱ፣ እኔንም አጎረሱኝ። ሳሪታ «ዳይ፣ ዋጠው እንጂ» አለችኝ። ዳይ በእነሱ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ሹፌር ነበርኩ።

መመለሻውን አላስረዝምባችሁም። ሲታክ ስደርስ ራጁ በሻትል መጣልኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «እጇን ያዝክልኝ?» አለኝ።

«አልያዝኩም። እህትህ ናት የያዘቻቸው።»

«ያን ቀን የሠራሁት ያንተን ሺፍት ነበር እኮ» አለኝ። ልክ ነው። ትከሻውን ይዤ «ለሳሪታ ደውል፣ አሁን፣ እኔ እነዳለሁ» አልኩት። ወርዶ ከኋላ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት እቤት ሆኜ እኔም ስልኬን አነሳሁ። ደሴ ገና መምሸቱ ነው። ቁጥሩን ከአራት ዓመት በኋላም በቃሌ አውቀዋለሁ። ሄሎ አለች፤ ድምፅዋ እናቴን እናቴን ይላል።

«ዘነበች፣ እኔ ነኝ፣ ይመር።»

ከጀርባዋ የሚጮኸው ቴሌቪዥን ተዘጋ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ዛሬ ሺፍት የለኝም። ያን ቀን እማዬ ምን ልትለኝ እንደነበር ንገሪኝ። አልዘጋም።»